የሪፍ አኳሪየም (ኮራል የሚያድግበት የጨው ውሃ ታንክ) ካልሲየም አልረጋ ላላችሁ፦ ከጨው ጀምሮ እስከ ኖራ ውሃ

ባለፈው አንዱ ጓደኛዬ ደውሎ «ካልሲየሜ ወደ 360 ወርዷል ምን ልጨምርበት» አለኝ፣ «ጨውህ ስንት ነው» ስለው «ካልሲየም ነው እኮ የጠየቅኩህ» ብሎ ተናደደብኝ። አልፈርድበትም፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንቴ ውስጥ ባለ 55 ጋሎን ታንክ አቁሜ፣ ኮራል ምናምን አስገብቼ፣ ቴስት ሳረግ ካልሲየሙ 360 ፒፒኤም (ሚሊግራም በሊትር)፣ ከ400 በታች። እቃ የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ፣ ጨመርኩ፣ ትንሽ ከፍ አለ፣ አልካሊኒቲም (የውሃው ካርቦኔት መጠን) ያስፈልግሃል ብሎ ሌላ ጠርሙስ ሲሸጥልኝ እሱንም በዛው ማታ ደፋሁበት፣ ጠዋት ስነሳ ታንኩ ወተት የተደፋበት መስሏል። ሂተሩ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፣ ፓምፑ ቀጥ ብሏል። በኋላ ሲጣራ ደግሞ የካልሲየም ችግር ጭራሽ አልነበረብኝም፣ የጨው ችግር ነበር። እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ካልገባችሁ ቁጥር ስታሳድዱ ትኖራላችሁ። ኮራል አጽሙን የሚሰራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ዘመድ። ሙገር ሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ራሱ ድሮ በዳይኖሰር ዘመን አካባቢው ባህር በነበረ ጊዜ የተቀመጠ ነው። እማዬ በቪዲዮ ታንኩን ስታይ «ልጄ ድንጋይ ትቀልባለህ?» ትላለች፣ ተሳስተሻል ልላት አልችልም።

ቤት እንደመስራት አርጋችሁ አስቡት። ካልሲየሙ ብሎኬቱ ነው፣ አልካሊኒቲው (እኛ አልክ ነው የምንለው) ሲሚንቶው ነው። ኮራሉ ሁለቱንም ሁሌም በተወሰነ ልክ ነው የሚወስደው፣ 20 ፒፒኤም ካልሲየም ሲወስድ 2.8 ዲኬኤች (የአልክ መለኪያ ነው) አልክ ይወስዳል። አሁን ስሌቱን እዩት፣ ባህር ውሃ ውስጥ ካልሲየም ወደ 420 ነው፣ አልክ ደግሞ 7 ዲኬኤች አካባቢ ብቻ። 8 ዲኬኤች ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ እንኳን አብሮት የሚወርደው ካልሲየም 57 ፒፒኤም ብቻ ነው! ብሎኬቱ ግቢ ሞልቶ ሲሚንቶው ግን ለጥቂት ቀን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ታንካችሁ ውስጥ አልክ ደህና ሆኖ ካልሲየም ብቻውን በ60 ወርዶ ካያችሁት ኮራሉ በላው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሌላ ነገር አለ።

የሚያስፈልጋችሁ እቃ ብዙ አይደለም። የካልሲየም፣ የአልክና የማግኒዚየም ቴስት ኪት (እኔ ለካልሲየምና ለማግኒዚየም ሳሊፈርት የሚባለውን ነው የምጠቀመው፣ ለአልክ ሀና የሚባለውን ዲጂታል፣ ምክንያቱም ማታ ማታ ቀለም መለየት አይኔ እምቢ ስላለኝ)፣ ሪፍራክቶሜትር (የጨው መጠን መለኪያ) ከነካሊብሬሽን (ማስተካከያ) ፈሳሹ፣ ግራም የሚያነብ የኩሽና ሚዛን፣ ሁለት ሶስት ስሪንጅ፣ ንጹህ የአርኦ ዲአይ ውሃ (በማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት)። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ውስጡ ያለውን አታውቁትም።

ደረጃ 1፦ ጨዉን እዩ

ሪፍራክቶሜትራችሁን በ35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው፣ እንደ ባህር ውሃ) ፈሳሽ ካሊብሬት አርጉት፣ በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክላችሁ ብቻ አትመኑት። የኔ ጉድ የወጣው እዚህ ጋር ነው። በዲስቲልድ ውሃ ዜሮ ላይ ቁጭ ይላል፣ ታንኩን ሳየው 35 ይለኛል፣ በትክክለኛው ፈሳሽ ሳየው ግን አምስት ነጥብ ይዋሻል፣ ውሃዬ ለካ 30 ነበር። ጨው 30 ሲሆን ሁሉም ነገር በዛው ልክ ይቀጥናል፣ 420 ካልሲየም 360 ይሆናል፣ 1300 ማግኒዚየም ወደ 1110 ይሆናል፣ ወጥ ውሃ ሲበዛበት በርበሬውም ጨውም አብሮ እንደሚቀጥነው ማለት ነው። ጓደኛዬም 360 ሲለኝ ወዲያው ጨው ያልኩት ለዛ ነው፣ እና አዎ፣ የሱም ጨው ነበር።

ጨዉ አንሶ ከሆነ በአንድ ቀን አታስተካክሉት። በየቀኑ የሚተነውን ውሃ በንጹህ ውሃ ፋንታ 35 አርጋችሁ በበጠበጣችሁት የጨው ውሃ ሙሉት፣ በቃ። የኔ ታንክ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ የተጣራ ውሃው 180 ሊትር ነው፣ በቀን 3 ሊትር ይተናል፣ በዚህ መንገድ በቀን ግማሽ ፒፒቲ ትንሽ አለፍ እያለ በዘጠኝ ቀን አካባቢ 35 ገባ። ካልሲየሙም አብሮ መጣ፣ አንድም ጠርሙስ ሳልከፍት።

ደረጃ 2፦ ሶስቱን ቴስት አርጉ

በቀን ውስጥ አልክና ፒኤች ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁሌም በተመሳሳይ ሰአት ለኩ። እኔ ከስራ እንደገባሁ ጫማ ሳላወልቅ ነው የማረገው፣ አለበለዚያ እረሳዋለሁ። የካልሲየም ቴስቱ ከሮዝ ወደ ሰማያዊ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ አካባቢ አንድ አንድ ጠብታ እያረጋችሁ ነቅንቁት፣ «ሰማያዊ መሰለኝ» ካላችሁ ገና ነው፣ አንድ ጠብታ ጨምራችሁ ምንም ካልተለወጠ ያኔ ነው ያለቀው። ጠርሙሱን ከመጠቀማችሁ በፊት በሚለካው ውሃ አለቅልቁት፣ ያለፈው ሳምንት ቅሪት ያሳስታችኋል። ግራ የሚያጋባ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ምንም ነገር ከመጨመራችሁ በፊት ድጋሚ ለኩ፣ ግማሹ «ችግር» እዚህ ጋር ይጠፋል።

የምንፈልገው ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ አልክ ከ7.5 እስከ 9 አካባቢ፣ ማግኒዚየም ከ1250 እስከ 1350። በዚህ ውስጥ የቱ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ አትጨነቁ። 410 ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ታንክ፣ ዛሬ 450 ነገ 400 ከሚል ታንክ በምንም አይወዳደርም፣ አልክ ላይ ደግሞ ይሄ በእጥፍ ይብሳል፣ አክሮፖራ የሚባለው ጠንካራ ኮራል ካላችሁ የአልክ መወዛወዝ ጫፍ ጫፉን ነጭ አርጎ ያቃጥለዋል።

ደረጃ 3፦ ጉድለት ካለ አንዴ ሙሉት፣ ከማግኒዚየም ጀምራችሁ

ጨው ተስተካክሎም ያልሞላ ካለ ነው ይሄ። ማግኒዚየም ቀድሞ ይስተካከል፣ ምክንያቱም ካልሲየምና አልክ ውሃው ውስጥ ተገናኝተው ወደ ኖራ እንዳይረጉ የሚገላግላቸው እሱ ነው፣ እሱ ዝቅ ካለ ምንም ብትጨምሩ ሂተርና ፓምፕ ላይ ይጋገራል እንጂ ቁጥሩ አይወጣም።

ስሌቱ እንዲ ነው፣ የጎደለውን ፒፒኤም በሊትር ታባዛላችሁ፣ ሚሊግራም ይሰጣችኋል። የኔን 180 ሊትር ይዘን ማግኒዚየም 1200 ቢሆን 1300 ለማድረስ 100 ሲባዛ 180፣ 18 ግራም ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት (ያው ፍሌክስ ሆኖ የሚሸጠው) ውስጡ 12 ፐርሰንት ብቻ ነው ማግኒዚየም፣ ስለዚህ 150 ግራም፣ በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ በአርኦ ውሃ በጥብጣችሁ ፓምፑ የሚገፋበት ቦታ ላይ ቀስ አርጋችሁ።

ካልሲየም 380 ቢሆንና 420 ብትፈልጉ 40 ሲባዛ 180፣ 7.2 ግራም ካልሲየም። ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት 27 ፐርሰንት ነው ካልሲየሙ፣ ስለዚህ 26 ግራም ገደማ፣ እሱንም በሁለት ቀን። ስትበጠብጡት ውሃው ይሞቃል አትደንግጡ፣ ግን ሙቅ ሆኖ አትድፉት። አልክን ደግሞ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንቀሳቅሱ፣ ግማሽ ቢሆን ደግሞ የበለጠ እወድላችኋለሁ።

ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫም ካልሲየም ክሎራይድ ነው፣ ርካሽ ነው ብሎ የሚጠቀም አለ፣ እኔ አልመክርም፣ ከረጢቱ ውስጥ ሌላ ጨውና ቀለም የተቀላቀለበት ብዙ ነው። አይብ ለሚሰሩ ሰዎች የሚሸጠው ፉድ ግሬድ ወይ የአኳሪየሙ ይሻላል፣ ልዩነቱ ጥቂት ዶላር ነው።

ደረጃ 4፦ ታንካችሁ በቀን ስንት እንደሚበላ እወቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ዋናው ደግሞ ይሄው ነው። ሶስት ቀን ምንም አትጨምሩ፣ ውሃም አትቀይሩ፣ አልክን ብቻ መጀመሪያና መጨረሻ ለኩ። ለምን ካልሲየሙን አንለካም? ምክንያቱም የኔ ታንክ በሶስት ቀን ከ8.6 ወደ 7.4 ወረደ፣ በቀን 0.4 ዲኬኤች ማለት ነው፣ ይሄ በካልሲየም ሲተረጎም በቀን 3 ፒፒኤም እንኳን አይሞላም። የቴስት ኪቱ ስህተት ብቻውን ከዛ ይበልጣል! ካልሲየም በየቀኑ የሚለካ ሰው በእህል ሚዛን ወርቅ እንደሚመዝን ነው። አልኩን ተከተሉ፣ ካልሲየሙ በ20 ለ2.8 ሂሳብ አብሮት ይሄዳል።

አልካችሁ በሶስት ቀን ጭራሽ ካልተነቃነቀ፣ ለምሳሌ ሌዘርና ዞዋንተስ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ብቻ ካላችሁ፣ እዚህ ጋር አቁሙ፣ የሳምንት ውሃ ቅያሬ ይበቃችኋል። ግን ውሃ ቅያሬ ጉድለት ይሞላል ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ፣ አዲሱ ጨው 440 ሆኖ ታንኩ 400 ቢሆን አስር ፐርሰንት ስትቀይሩ ከፍ የሚለው በ4 ፒፒኤም ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቱ ፓርቱን (የካልሲየሙንና የአልኩን ሁለት ፈሳሽ) ቤት ውስጥ መስራት

ለአንድ ሊትር የካልሲየም ፈሳሽ፣ 132 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በአርኦ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ሊትር ሙሉት። በቃ።

ለአልኩ ፈሳሽ፣ 157 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ልብ አርጉ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ፓውደሩ ውስጥ ስታርችና አሲድ አለበት። ትሪ ላይ ሳሳ አርጋችሁ ዘርግታችሁ ኦቨን ውስጥ በ300 ፋራናይት (150 ሴልሺየስ) ለአንድ ሰአት ጋግሩት። ክብደቱ ይቀንሳል፣ እንዲያው ሶስተኛው እጅ ይጠፋል፣ ውሃና ካርቦንዳይኦክሳይድ ወጥቶለት ሶዲየም ካርቦኔት ሆኗል ማለት ነው፣ የጎደለውን እንዳትተኩ፣ ያለውን እንዳለ በአርኦ ውሃ አንድ ሊትር አርጉት። ለብ ያለ ውሃ ይሻላል፣ በቀዝቃዛ ትሰለቻላችሁ። ሳይጋገርም አልክ ያነሳል ግን 157 ግራሙ በአንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ አይሟሟም፣ ደግሞም የተጋገረው ፒኤች ስለሚያነሳ እንደኛ መስኮት ተዘግቶ ሰው የሚበዛበት ቤት ውስጥ ይመረጣል። ትሪው ላይ ምልክት አርጉበት፣ አንድ ጊዜ ባለቤቴ የድፎ ዱቄት መስሏት የተረፈውን ቆርቆሮ ውስጥ ልትገለብጠው ነበር።

ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ሀይል አላቸው፣ ስለዚህ ሁሌም እኩል ሚሊ ነው የምትሰጡት። ለኔ 0.4 ዲኬኤች በቀን ሲሰላ 14 ሚሊ ከዚህ፣ 14 ሚሊ ከዛ ሆነ። ታንካችሁ እጥፍ ከሆነ እጥፍ፣ ፍጆታው ግማሽ ከሆነ ግማሽ።

ሁለቱን አንድ ላይ ወይም አንድ ቦታ ላይ ተከታትላችሁ አትጨምሩ። የኔ የወተት ታንክ ታሪክ ከዛ ነው የመጣው። ካልሲየሙን ጠዋት፣ አልኩን ማታ አርጉት፣ ወይ ቢያንስ ግማሽ ሰአት አራርቁት፣ ውሃው በሀይል የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ። ዶዚንግ ፓምፕ (ፈሳሹን በልኩ ራሱ የሚያስገባ) ከገዛችሁ ደግሞ በየወሩ በስሪንጅ እየለካችሁ አረጋግጡት፣ 14 ያላችሁት 11 ሊሆን ይችላል፣ የቱቦውን ጫፍ ደግሞ ከውሃው በላይ አንጠልጥሉት፣ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ጠርሙሱን በሙሉ ስቦ ሊያስገባው ይችላል።

በሳምንት አንዴ አልክ ለኩ። እየወረደ ከሆነ ሁለቱንም በአስር ፐርሰንት ጨምሩ፣ እየወጣ ከሆነ ሁለቱንም ቀንሱ። ኮራል ሲያድግ ፍጆታውም ያድጋል፣ ልጅ እንደማሳደግ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም በወር አንዴ በቂ ነው። ጨውም እዩ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ፈሳሾች ሲገናኙ ካልሲየምና አልኩ ይበላል የቀረው የገበታ ጨው ነው፣ በኔ ልክ በወር ወደ 45 ግራም ይተዋል፣ ውሃ ቅያሬ ያስተካክለዋል።

ወይስ ኖራ ውሃ?

ጀርመኖች ካልክቫሰር ያሉት ነገር ቃል በቃል የኖራ ውሃ ነው፣ ያ ሀገር ቤት ግድግዳ የምንቀባበት ኖራ። ግን የግድግዳውን አምጥታችሁ እንዳትጨምሩ፣ ቆሻሻው ብዙ ነው፣ ፒክል ለመስራት የሚሸጠውን ንጹህ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው የምላችሁ። ጥቅሙ ካልሲየሙም አልኩም በአንድ ዱቄት፣ በትክክለኛው ልክ፣ ጨው ሳያስቀር መምጣቱ ነው። ጉዳቱ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፣ ቆዳና አይን ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር አርጉ፣ ዱቄቱን አታቡንኑት፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

አንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ግራም ብዙም የበለጠ አያሟሟም፣ የተረፈው ስር ይቀመጣል። ለኔ የቀን ፍጆታ ሙሉው 1 ግራም ነው! ያንን የሚተነውን በምተካበት 3 ሊትር ማሟያ ውሃ በጥብጬ፣ እንዲጠል ትቼ፣ የጠራውን ከላይ ወስጄ በሌሊት ጠብ ጠብ እያለ እንዲገባ አረጋለሁ፣ ምክንያቱም ሌሊት ፒኤች ዝቅ ስለሚል ያኔ ነው የሚጠቅመው። እቃውን ክደኑት፣ ክፍት ከሆነ ከአየር ካርቦንዳይኦክሳይድ ስቦ ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ይሰራል፣ ያ ቅርፊት የጠፋባችሁ ካልሲየም ነው። በአንዴ መድፋት ግን ታንክ ይገድላል፣ ማሟያውን የሚያስገባው ፓምፕ ሌሊት ተቆልፎ ሳይጠፋ ቢያድር ሁሉም ይገባል፣ ስለዚህ እቃው ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ የሚሆን አታስቀምጡ።

ካልሲየም ሪአክተር የሚባልም አለ፣ በካርቦንዳይኦክሳይድ የተሰባበረ የኮራል አጽም እያሟሟ የሚመግብ። ትልቅ ታንክ በጠንካራ ኮራል ለሞላ ሰው ጥሩ ነው፣ ለ55 ጋሎን ግን ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ኤፍኤስአር መከራየት ነው።

ሲበላሽ

ውሃው ነጭ ከሆነ ምንም አትጨምሩ፣ ፓምፖቹ ይስሩ፣ ይርጋ፣ በነጋታው ለኩ። አልክ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ በግማሽ በግማሽ ዲኬኤች በቀናት መልሱት። ካልሲየም 480 ወይ 500 ከደረሰ አትሸበሩ፣ የካልሲየሙን ፈሳሽ ብቻ አቁማችሁ አልኩን ቀጥሉ፣ ራሱ ይወርዳል። ሂተሩና ፓምፑ ላይ የጋገረውን ደግሞ አውጥታችሁ ግማሽ አቼቶ ግማሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ እየፈላ ይለቃል (ሂተሩን መጀመሪያ ነቅላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ)።

ለገና ሀገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቁልፍ ለምትሰጡት ሰው ትልቁን ጠርሙስ አትተዉለት። እኔ በየቀኑ የሚገባውን 14 ሚሊ በትንንሽ ጠርሙስ ለይቼ፣ ካልሲየሙን ቀይ አልኩን ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፌ፣ ቀኑን ጽፌ ፍሪጁ ላይ እደረድራለሁ፣ «አንድ ቀን ከረሳህ እለፈው፣ በነጋታው ሁለት እንዳትጨምር» ብዬ በትልቁ እጽፍበታለሁ።